ገበጣ በገዛ እጃችን፦ ከጣውላ ምርጫ እስከ መጨረሻው ቅባት

ገበጣ ለመጫወት ሰሌዳ የግድ አይደለም። መሬት ላይ 12 ጉድጓድ ምሶ ጠጠር መልቀም ይበቃል። ከብት ጥበቃ የዋለ ልጅ ይህን ያውቀዋል። ከእንጨት የተሠራ ገበጣ ቤት ውስጥ ሲኖር ግን ጨዋታው ከቤተሰቡ ጋር አብሮ ይኖራል። ቡና እስኪፈላ አንድ ዙር፣ መብራት ሲጠፋ ሌላ ዙር። ልጅ ከአያቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ እኩል ይፎካከራል፤ እንዲህ ያለ ጨዋታ ብዙ የለንም።

ለመሥራት አናጺ መሆን አያስፈልግም። ትዕግሥት፣ የተሳለ መሮ እና የደረቀ ጣውላ ያስፈልጋል። ሦስቱም ከተሟሉ የቀረው የእጅ ልምምድ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ገበጣ ሲሠራ የሚጨነቀው ለጎኑ ጌጥ ነው። መስቀል ይቀርጻል፣ ሐረግ ይስላል፣ ቫርኒሽ ይቀባል። ጌጥ አልጠላም። ግን የገበጣ ጥሩነት የሚታወቀው በጣት ነው። ተጫዋቹ ከጉድጓዱ ጠጠሩን አንዴ ዘግኖ ማውጣት አለበት። አንዷ ጠጠር ጥግ ይዛ አልወጣ ካለች፣ ጣት እየቆፈረ ከፈለጋት፣ ጨዋታው ይደነቃቀፋል። ከዚህ በታች የምላቸው ልኮችና ጥንቃቄዎች ሁሉ የሚመጡት ከዚህ ነው።

የትኛውን ገበጣ?

ገበጣ አንድ ዓይነት አይደለም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሰፊ ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚታወቁ በርካታ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ባለ ሁለት ረድፍ አለ፣ ባለ ሦስት ረድፍ አለ፣ ባለ አራት ረድፍም አለ። የጉድጓዱ ብዛትም የጠጠሩም ቁጥር ከቦታ ቦታ ይለያያል። በሰሜን በኩል ሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ ያለው የተለመደ ነው።

እዚህ የምንሠራው ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ ያለውን ነው። በእያንዳንዱ ጉድጓድ አራት ጠጠር ይገባል። በድምሩ 48 ጠጠር ማለት ነው። ለጀማሪ ሠሪም ለጀማሪ ተጫዋችም የሚቀለው ይህ ነው። ዳርና ዳር ላይ የተበላው ጠጠር የሚጠራቀምባቸው ሁለት ረዘም ያሉ ጉድጓዶች እንጨምራለን። የግድ አይደሉም። ግን ጠጠሩ ምንጣፍ ላይ ከመበተን ያድናሉ። የአያቶቻችሁ ገበጣ ሦስት ረድፍ ከነበረ ስፋቱን ጨምራችሁ እሱኑ ሥሩ። አሠራሩ አይለወጥም።

እንጨቱ

አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው ገና መሮ ሳይነሣ፣ እንጨት ሲመረጥ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ዋንዛን ነው። ለመሮ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ ብዙም አይጣመምም፣ ቀለሙ ቅባት ሲነካው ወደ ቀይ ቡና ያደላል። ወይራ በጣም ያምራል፣ በጣምም ይጠነክራል። ለመጀመሪያ ሥራ ክንድ ይጨርሳል፤ ለጠጠሮቹ ግን የሚያህለው የለም። ጽድ ሽታው ደስ ይላል፣ ነገር ግን ስስ ቦታ ላይ ቶሎ ይሰነጠቃል። ግራቪሊያ በየቦታው ይገኛል፣ መልኩም ዥንጉርጉር ነው። ዱቄቱ የአንዳንድ ሰው ቆዳ ስለሚያሳክክ እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሱ። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፤ ሲደርቅ ግን መጣመምና መሰንጠቅ ይወዳል። ሌላ አማራጭ ካለ እሱን እለፉት።

ለዚህ ሥራ ተብሎ ዛፍ አይቆረጥም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን በስም ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ለአንድ ገበጣ የሚሆን እንጨት በየአናጺ ቤቱ ጥግ ወድቆ ይገኛል። የአልጋና የቁም ሣጥን ሠሪ ዘንድ ሄዳችሁ «ወንድሜ፣ ቁርጥራጭ ጣውላ አለህ?» ማለት ይበቃል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ምናለሽ ተራ ዞር ዞር በሉ። የተሰበረ የበር ጉበን፣ የድሮ ጠረጴዛ እግር፣ የፈረሰ ቤት ማገር አይጠፋም። ያረጀ እንጨት ዓመታት ስለደረቀ ከአዲሱ የበለጠ ይታመናል። ብቻ ሚስማር ተደብቆ እንዳይቀር በደንብ ፈትሹት፤ አንዲት ሚስማር የመሮን ስለት በአንድ ምት ታጠፋለች።

ውጭ አገር ያላችሁ ዋንዛ ባታገኙ ዋልነት ወይም ቼሪ የሚባለውን እንጨት ፈልጉ። ሁለቱም ለቅርጽ ሥራ የታወቁ ናቸው። ክረምት ላይ የቤት ማሞቂያ አየሩን በጣም ያደርቃል። ስለዚህ ጣውላውን ገዝታችሁ ወዲያው አትጥረቡት። የሚኖርበት ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ይሰንብት።

የምንፈልገው ልክ ይህ ነው፦ ርዝመት 56 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋት 16 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረት 4 ሳንቲ ሜትር። ውፍረቱ እስከ 3.5 ቢወርድ ችግር የለም።

ጣውላውን ስትመርጡ ጫፉን እዩ። የግንዱ እምብርት፣ ማለትም ክቦቹ የሚጀምሩበት ነጥብ፣ ጣውላው ውስጥ ካለ ተዉት። እንጨት የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ ከዚያ ተነሥቶ ነው። ጉጥ ያለበትም ቢሆን ጉጡ ጉድጓድ የሚሆነው ቦታ ላይ እንዳያርፍ አስቡ።

ድርቀቱን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ጣውላውን ሚዛን ላይ አስቀምጡና ክብደቱን ጻፉ። በሳምንቱ ድገሙት። ክብደቱ እየቀነሰ ከሆነ ውኃው ገና እየወጣ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይቀንስ ከቆየ ደርቋል። እስከዚያው ጥላ ውስጥ፣ ከሥሩ እንጨት ተደርጎለት፣ አየር በአራቱም ጎን እያገኘው ይቀመጥ። ሁለቱን ጫፎች ሰም ወይም ቀለም ቀቧቸው። ውኃ በጫፍ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ ጫፉ ቀድሞ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ሥራ የሚያፋጥን ይመስላል፤ የሚያፋጥነው ስንጥቁን ነው።

ዕቃዎች

ብዙ አያስፈልግም። መጋዝ፣ መላጊያ፣ አፉ የጎበጠ መሮ (ስፋቱ ከ2 እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ)፣ የእንጨት መዶሻ፣ ድሪል ከ6 ሚሊ ሜትር ጫፍ ጋር፣ ሞርሳ (እንጨት አጥብቆ መያዣ)፣ ኮምፓስ፣ ማስመሪያ፣ ስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን መለኪያ)፣ እርሳስ። ብርጭቆ ወረቀት በአራት ቁጥር፦ 80፣ 120፣ 180፣ 240። አንድ የጎማ ኳስ። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ።

መላጊያ ከሌላችሁ ጣውላውን አናጺው ዘንድ አስልጉት። በማሽን የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሞርሳ ከሌለ ደግሞ ወፍራም ጠረጴዛ ላይ በጣውላው ዙሪያ አራት ቁርጥራጭ እንጨት በሚስማር ምቱና ጣውላውን መካከላቸው አጥብቁት። ዋናው እንጨቱ እንዳይንቀሳቀስ ነው። በአንድ እጅ ጣውላ ይዞ በሌላው መሮ መግፋት ጣት ያስቆርጣል። ሁለቱም እጅ ሁልጊዜ ከስለቱ ኋላ ይሁን።

መሮውን አዲስ ከሱቅ ቢገዛም ሳሉት። መጀመሪያ በሸካራው መሳያ ድንጋይ፣ ቀጥሎ በለስላሳው። የተሳለ መሆኑን ለማወቅ የወረቀት ጠርዝ ላይ ሞክሩት፤ ሳይቀድ ከቆረጠ ዝግጁ ነው። ደነዝ መሮ ከስለታሙ የበለጠ አደገኛ ነው፤ ጉልበት ስለሚጠይቅ ያመልጣል። ሥራው መካከል ላይም ደጋግሙት። እንጨቱ በንጹሕ ከመላጥ ይልቅ መቦጨቅ ሲጀምር ጊዜው ደርሷል ማለት ነው።

ማስመር

ጣውላው ላይና ታቹ ተልጎ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና አራቱን ጥግ በየተራ ተጫኑ። ከተወዛወዘ እንደገና ላጉት። የሚወዛወዝ ገበጣ ላይ ጠጠር ይዘላል።

አሁን የጣውላውን መሃል በርዝመቱም በስፋቱም ፈልጉና ሁለት መስመር አስምሩ፤ መስቀል ይሠራሉ። ሁሉም ልኬት ከዚህ መሃል ይነሣ። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እየደመሩ መሄድ ትንሿን ስሕተት እያሳደገ መጨረሻው ጉድጓድ ላይ ያደርሳታል።

ከርዝመቱ መሃል መስመር ወደ ላይ 3.5፣ ወደ ታች 3.5 ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ ሁለት ረጃጅም መስመር አስምሩ። እነዚህ የሁለቱ ረድፎች መስመሮች ናቸው። ቀጥሎ ከስፋቱ መሃል መስመር ወደ ቀኝ 3.25፣ 9.75 እና 16.25 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ። ወደ ግራም እንዲሁ። መስመሮቹ የሚገናኙባቸው 12 ነጥቦች የጉድጓዶቹ መሃል ይሆናሉ። ኮምፓሱን 2.6 ሳንቲ ሜትር ከፍታችሁ በየነጥቡ ክብ አዙሩ። በአንድ ረድፍ ባሉ ሁለት ክቦች መካከል 1.3 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። ይህን ግድግዳ አታሳንሱት፤ ከ1 ሳንቲ ሜትር ከወረደ መሮ ሲነካው ሊላቀቅ ይችላል።

ለማጠራቀሚያዎቹ ከየጫፉ 2 ሳንቲ ሜትር ገብታችሁ 5.6 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 12.2 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቅርጽ ሳሉ፤ ርዝመቱ በጣውላው ስፋት በኩል ይሁን። ጥጎቹን ክብ አድርጓቸው። ቀጥ ያለ ጥግ ለመሮም አይመችም፣ ለጣትም አይመችም።

መጎድጎድ

ጥልቀቱ መሃል ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ነው። የሁሉም ጉድጓድ ጥልቀት እኩል እንዲሆን ድሪሉ ይርዳን። የድሪሉን ጫፍ 1.9 ሳንቲ ሜትር ላይ በፕላስተር ጠቅልሉት። እያንዳንዱ መሃል ነጥብ ላይ ፕላስተሩ እንጨቱን እስኪነካ ቀጥ አድርጋችሁ ብሱ። መሮው የቀዳዳው ወለል ላይ ሲደርስ ታቆማላችሁ። የቀረችው 1 ሚሊ ሜትር በብርጭቆ ወረቀት ትወጣለች።

ከዚያ መሮው። እንጨት ላይ ርዝመቱን ተከትሎ የሚሄድ መስመር አለ። መጀመሪያ መሮውን ከዚያ መስመር በአግድም አስኪዱት። በአግድም ሲቆረጥ እንጨቱ አጭር አጭር ሆኖ ይነሣል፣ አይሰነጠቅም። ከመሃል ጀምሩ፣ ትንሽ ገንዳ ክፈቱ፣ ከዚያ ዙሪያውን እያሰፋችሁ ወደ እርሳሱ ክብ ቅረቡ። ሁልጊዜ ከጠርዝ ወደ መሃል፣ ቁልቁል ቁረጡ። ከመሃል ወደ ጠርዝ ሽቅብ የተገፋ መሮ ጠርዙን ይገነጥለዋል። እርሳሱ ላይ ለመድረስ 2 ሚሊ ሜትር ሲቀር አቁሙ። እሷን መጨረሻ ላይ፣ ያለ መዶሻ፣ በእጅ ግፊት ብቻ ትጨርሷታላችሁ።

ቅርጹ እንደ ቡና ስኒ ቀጥ ብሎ የሚወርድ እንዳይሆን። ከጠርዙ ጀምሮ እየተንሸራተተ ወደ መሃል የሚወርድ፣ ወለሉም ክብ የሆነ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ጠጠሮቹ በራሳቸው ወደ መሃል ይሰበሰባሉ። ጣት ሲገባም ግድግዳውን ተከትሎ ከሥራቸው ይገባና አንዴ ጠራርጎ ያወጣቸዋል። ጠፍጣፋ ወለልና ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለው ጉድጓድ ጥግ ጥጉ ላይ ጠጠር ይደብቃል። በድሪል ክብ መቁረጫ ስስ ጣውላ በስቶ ሥሩ ኮምፔንሳቶ በኮላ መለጠፍ ይቻላል፤ አንዳንዱም እንዲያ ይሠራል። ፈጣን ነው፣ መሮ ለሌለውም መላ ነው። እኔ ግን ሰሌዳው ለዘለቄታ የሚቀመጥ ከሆነ አልመክረውም። የሚያስቸግረው ያችው ጥግ ናት።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ሲወደድላችሁ ከካርቶን ቅርጹን ቁረጡ። ጉድጓዱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ሲቆም ዙሪያውን የሚነካ ግማሽ ክብ መሰል ቁራጭ ማለት ነው። በቀሩት 11 ጉድጓዶች ውስጥ እያዞራችሁ ሞክሩት። ብርሃን የሚያሳልፍበት ቦታ ገና መነሣት ያለበትን ወይም ከመጠን ያለፈውን ያሳያችኋል። ዓይን ብቻውን ይታለላል፤ ጥላ ጉድጓድን ጥልቅ ያስመስላል።

ሁሉንም በአንድ ቀን ለመጨረስ አትጣደፉ። ክንድ ሲደክም መሮ ይስታል። ከሌላ ሰው ጋር እየተቀያየሩ መሥራት ጥሩ ነው፤ ግን የመጨረሻውን ማስተካከያ አንድ ሰው ቢጨርሰው ይሻላል። የእጅ አገፋፍ ይለያያልና ጉድጓዶቹም ይለያያሉ።

ማጠራቀሚያዎቹን በዚሁ መንገድ ሥሩ። ጥልቀታቸው እንደሌሎቹ ይሁን። እዚህ ብዙ ጥንቃቄ አያስፈልግም፤ ጨዋታ መካከል ጣት የሚፈጥንባቸው ቦታዎች አይደሉም።

ማለስለስ

ይህ ክፍል አሰልቺ ነው፤ ሊዘለልም አይገባም። የጎማ ኳሱን ለሁለት ክፈሉት። ግማሹን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሸፍናችሁ ጉድጓዱ ውስጥ አሽከርክሩ። የመሮው ዱካ እስኪጠፋ ድረስ በ80 ቆዩ። ከዚያ 120፣ 180፣ 240። በ80 ያልጠፋ ጭረት በ240 አይጠፋም፤ እንዲያውም ቅባት ሲነካው ጎልቶ ይወጣል።

የጉድጓዱን አፍ ጠርዝ በተለይ አስቡበት። ስለታም ሆኖ ከቀረ ጣት ይቧጥጣል፣ ጠጠርም ሲመታው ይላጣል። በ120 ወረቀት ዙሪያውን ክብ አድርጉት፤ ጣት ሲያልፍበት መስመር እንዳይሰማው። የሰሌዳውን ውጫዊ ጠርዞችም እንዲሁ።

አቧራው ለሳንባ ጥሩ አይደለም። አፍንጫ ሸፍኑ፣ ደጅ ሆናችሁ ሥሩ።

በመጨረሻ ሰሌዳውን በውኃ በራሰ ጨርቅ አብሱት። ሲደርቅ እንጨቱ እንደ መሻከር ይላል። ውኃው ተኝቶ የነበረውን የእንጨት ክር ስላስነሣው ነው። በ240 ቀለል አድርጋችሁ ጥረጉት። ይህን አሁን ካላደረጋችሁ ወደፊት እርጥብ እጅ የነካው ቀን ይሻክራል።

ጠጠሮቹ

ገበጣ ላይ ጠጠር የማንም አይደለም። ባለቤትነቱ የሚወሰነው ባለበት ጉድጓድ ነው። ስለዚህ ሁለት ቀለም አያስፈልግም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ።

ከወንዝ ዳር የተለቀመ ድቡልቡል ጠጠር ጥሩ ነው። ባቄላና ሽምብራም ይሠራል፤ ነቀዝ እንዳያበላሸው ግን በየጊዜው መቀየር ሊኖርበት ነው። የጉሎ ፍሬ መልኩ ስለሚያምር ያማልላል። በፍጹም እንዳትጠቀሙበት፤ ሕፃን አኝኮ ከዋጠው ሊገድለው የሚችል መርዝ አለው።

የሰሌዳው ጓደኛ ከእንጨት እንዲሆን ከፈለጋችሁ ወይራ አምጡ። 13 ሚሊ ሜትር በ13 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ዘንግ ሰንጥቁ። ርዝመቱ በድምሩ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሆነ ይበቃል፤ ሁለት ባለ 40 ቢሆንም ያው ነው። ሳትቆራርጡት አራቱን ጠርዝ በመላጊያ ወይም በሞረድ አንሡና ስምንት ማዕዘን አድርጉት። ይህ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ከዚያ በየ13 ሚሊ ሜትሩ ቁረጡ። 52 አድርጉት፤ አራቱ መጠባበቂያ ናቸው፣ ሶፋ ሥር የምትገባ አትጠፋም።

ክብ ለማድረግ አንድ በአንድ መፈግፈግ አያስፈልግም። ክዳን ያለው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጡን በ80 ብርጭቆ ወረቀት አልብሱት። ቁርጥራጮቹን ጨምሩና ክዳኑን ዘግታችሁ ነቅንቁ። ጠርዞቹ እየተበሉ ይሄዳሉ። ይህን ሥራ ለልጆች ስጡ፤ ቤቱ ይጮኻል እንጂ ደስ ይላቸዋል። ከዚያ ወረቀቱን በ180 ለውጡና ድገሙት። ፍጹም ክብ እንዲሆኑ አትድከሙ፤ እንደ ኳስ የሚንከባለል ጠጠር ከጉድጓድ ይዘላል። ትንሽ ጠፍጠፍ ያለው ይሻላል። በዚህ ልክ አንድ ጉድጓድ አሥር ገደማ ጠጠር ይይዛል፤ ከዚያ ሲያልፍ ይቆለላል፣ ግን አይፈስም።

ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ያለበት ቤት ጠጠሮቹ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጡ። ያንቃሉ።

ሳይቀባ መጫወት

አሁን ቅባቱን ከማንሣታችሁ በፊት ተቀመጡና ተጫወቱ። ይህን ምክር አክብዱልኝ። ሰሌዳው ከተቀባ በኋላ የሚገኝ ጉድለት ለማስተካከል ያስቸግራል፤ ብርጭቆ ወረቀቱ በቅባት ይደፈናል። አሁን ግን ጣታችሁ ያላማረውን ጉድጓድ እዚያው መጥረግ ትችላላችሁ።

ደንቡ እንደየቤቱ ይለያያል። ለሙከራ ቀላሉን ልንገራችሁ። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ አራት ጠጠር። ፊታችሁ ያለው ረድፍ የእናንተ ነው። ተራው የደረሰው ከራሱ ረድፍ አንዱን ጉድጓድ ጠርጎ ያነሣና ወደ ቀኝ እየዞረ አንድ አንድ ያድላል። ረድፉ ሲያልቅ ወደ ተቃራኒው ረድፍ ይሻገራል። የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈች ተራው አለቀ። ጠጠር ያለበት ላይ ካረፈች ያን ሁሉ አንሥቶ ማደሉን ይቀጥላል። የመጨረሻዋ ጠጠር ስታርፍ ጉድጓዱ ልክ አራት ከሞላ ግን አራቱን ይበላል፣ ተራውም ያበቃል። ከራሱ ረድፍ የሚያነሣው ሲያጣ ጨዋታው ያልቃል፤ የቀረው ጠጠር ያለበት ረድፍ ባለቤት ይወስደዋል። ከ24 በላይ የበላ አሸነፈ። ቤታችሁ የለመደው ሌላ ደንብ ካለ በእሱ ሞክሩት።

ስትጫወቱ ጠጠር የሚይዘውን ጉድጓድ ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የግድግዳው ግርጌ ላይ የቀረች ጉብታ ናት። በእርሳስ ምልክት አድርጉባትና በኋላ ጥረጓት። ከተቻለ አንድ ትልቅ እጅ ያለው ሰውና አንድ ልጅ አጫውቱ። አባ ጣታቸው የማይገባበት፣ ወይም ልጅቷ የማትዘግነው ጉድጓድ ካለ ያኔ ይታወቃል። የሰሌዳውን ታች ደግሞ እዩት፦ ምንጣፍ ላይ ይንሸራተታል? አራት ጥግ ላይ ስስ የቆዳ ቁራጭ በኮላ መለጠፍ ይበቃዋል።

ቅባቱ

ቫርኒሽ አልመክርም። ሲታይ ያበራል። ጠጠር ሲደጋገምበት ግን እንደ ቅርፊት ይነሣል፤ ለማደስም ሁሉን መፋቅ ይጠይቃል። እንጨቱንም ከጣት ይለየዋል። የሚሻለው እንጨቱ ውስጥ ገብቶ የሚደርቅ ዘይት ነው።

የተልባ ዘይት ይህን ባሕርይ አለው። አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይጠነክራል። የኑግ ዘይትም ይደርቃል፣ ግን ይዘገያል። የፓልም ዘይትና ቅቤ አትቀቡ፤ አይደርቁም፣ ይሸታሉ፣ አቧራ ይሰበስባሉ።

ዘይቱን በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ጉድጓዶቹን፣ ጎኑን፣ ታቹንም። ታቹ ካልተቀባ እንጨቱ በአንድ ወገን ብቻ እርጥበት እየሳበ ይጣመማል። 20 ደቂቃ ያህል ጠብቁና ያልገባውን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ገጹ ላይ የተረፈ ዘይት ይጣበቃል እንጂ አይደርቅም። ጣት ሲነካው እስከማይለጠፍ ድረስ፣ ብዙ ጊዜ ጥቂት ቀናት፣ ይቆይ። ከዚያ ይደገም። ሦስት ጊዜ ከተቀባ ይበቃል። ጠጠሮቹን ዘይት በነካ ጨርቅ ውስጥ አድርጋችሁ እሹና ወንፊት ላይ አስጧቸው።

እዚህ ላይ አደጋ አለ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨምድዶ ከተቀመጠ እየሞቀ ሄዶ ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል። ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ ነው። ስለዚህ ጨርቁን ዘርግታችሁ ደጅ አስጡት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጠቅልላችሁ አትጣሉት።

ዘይቱ ሲደርቅ ሰም ይከተላል። ንጹሕ የንብ ሰም 50 ግራም ከ200 ግራም የተልባ ዘይት ጋር በቆርቆሮ አድርጉ። ቆርቆሮውን የፈላ ውኃ ያለበት ድስት ውስጥ አስቀምጡት፤ በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት፣ ይቀጣጠላል። ሰሙ ሲቀልጥ አማስሉና አቀዝቅዙት፤ ለስላሳ ቅባት ይሆናል። በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ጥቂት ቆይታችሁ በንጹሕ ጨርቅ እስኪያበራ እሹት። የተረፈውን ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ይሆናል።

ሰሌዳው ከምድጃ፣ ከመስኮት ፀሐይና ከማሞቂያ ይራቅ። ከቆሸሸ በረጠበ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ ውኃ ውስጥ አይነከር። ጉድጓዶቹ መፍዘዝ ሲጀምሩ ሰሙን ድገሙት። ስስ ስንጥቅ ከታየ ከዚያው እንጨት የወጣ ደቃቅ ዱቄት ከኮላ ጋር ለውሳችሁ ሙሉት፣ ሲደርቅ በ240 ጥረጉትና በላዩ ዘይት ቀቡ። ለዚህ ብላችሁ መጀመሪያ ስታለሰልሱ ከወጣው ዱቄት አንድ ጭብጥ በትንሽ ብልቃጥ አስቀምጡ። ከሌላ እንጨት የመጣ ዱቄት ቀለሙ አይገጥምም።